ሰው የሌለበት ስልክ

ለምወድሽም ለተቆጣሽብኝም ታላቅ እህቴ፣

እንደምን አለሽልኝ እትዬ? ጤናሽ፣ ወገብሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ስሟን እንኳ የማላውቃት ልጅሽስ እንዴት ናት? ጡት በደንብ ትይዛለች? እማዬ ጉልበቷ ተሻላት? አባባስ ያ ጠዋት ጠዋት የሚነሳባቸው ሳል ለቀቃቸው? ባልሽ ደህና ነው? የስፌት መኪናሽስ ሥራ ጀመረች ወይስ እሷም ካንቺ ጋር አራስ ናት? እኔ ጤነኛ ነኝ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፤ ካንቺ ናፍቆትና ካንቺ ቁጣ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

ይህን ወረቀት እንደማትጥዪው አውቃለሁ። አንቺ ወረቀት መጣል አይሆንልሽም፤ ቢያንስ የእጅጌ ልክ ታወጪበታለሽ። እባክሽ መቀሱን ከማንሳትሽ በፊት አንብቢው። ስልክሽ ላይ ብሎክ እንዳደረግሽኝ ባልሽ ነግሮኛል። እኔ ልንገርልሽ ቢለኝም አንቺ ገና ከመጀመሩ «ስሟን አታንሳብኝ» ብለሽዋል አሉ። እውነትሽን ነው። እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ስልኩን ከግድግዳ ጋር አጋጨው ነበር። ዘጠኝ ወር ድምፄን ያጠፋሁት ግን ኮርቼብሽም፣ ረስቼሽም አይደለም። የሆነውን ስትሰሚ መጀመሪያ ትበሽቂያለሽ፣ ቀጥሎ ትስቂያለሽ፤ ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ፍረጂ። ፊደሌ የተወላገደው ደግሞ አልቅሼ እንዳይመስልሽ፤ ደስታ ነው! ዛሬ እዚህ የሆነውን ብታዪ አንቺም እጅሽ አይታዘዝልሽም ነበር። ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

እንደምታውቂው የምሠራበት ቤት የስልክ ሲስተም ይሠራል። ስልኩን ሳይሆን ውስጡን ማለቴ ነው፤ ስልኩ ሲበራ አብሮ የሚነቃውን፣ ደወሉንም ፎቶውንም የሚያዘውን። የዓለም ስልክ ሁሉ ማለት ይቻላል በሁለት ሲስተም ነው የሚሠራው። እኛ ሦስተኛ እንጨምርበት ብለን የተነሳን ሠላሳ ሁለት ሰዎች ነን። ቢሯችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የጥርስ ሐኪም ስላለ ጠዋት ጠዋት የመሰርሰሪያው ድምፅ በወለሉ በኩል እግራችንን ይኮረኩረናል። የእኔ ድርሻ መፈተሽ ነው። ሌሎቹ ይሠራሉ፣ እኔ አበላሻለሁ። በእርጥብ ጣት እነካካዋለሁ፣ እየደወልኩ ፎቶ አነሳበታለሁ፣ ሃያ ጊዜ አጥፍቼ አበራዋለሁ፤ ሲሳሳት እጽፋለሁ። እማዬ ዕቃ ስትሰብር ደመወዝ የሚቆረጥላት እንጂ የሚቆረጥባት አይደለችም ብላ ስትስቅብኝ ትዝ ይልሻል?

ሲስተማችን ደግሞ እንዴት ያምራል መሰለሽ! አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሦስት ቀን ይውላል ያድራል። ጣትሽን ገና ስትዘረጊ ይከፈታል። እንደ አባባ ዓይኑ ለደከመ ሰው ፊደሉን በአንድ ንክኪ ያሳድግለታል። አንድም ማስታወቂያ ዘሎ አይወጣብሽም። በፍቅር ነው የሠራነው፤ ጥፋታችንም የመጣው ከዚሁ ከፍቅራችን ነው።

አንድ ቀን አለቃችን ሁላችንንም ሰበሰቡና እኛ የሠራነውን እኛው ካልያዝነው ማን ይይዝልናል አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውም ሠራተኛ የድሮ ስልኩን ለንብረት ክፍል አስረክቦ፣ የእኛን ሲስተም የጫነ ስልክ ከነአዲስ ቁጥሩ እንዲረከብ ሕግ ወጣ። አጨበጨብን። የንብረት ክፍሏ ኃላፊ ኮስታራ ሴት ናት፤ ወፍራም መዝገቧን ደረቷ ላይ አጣብቃ ነው የምትሄደው። እያንዳንዳችን ስልካችንን በፖስታ አሽገን ሰጠናት፣ እሷም በብረት ቁም ሳጥን ቆለፈችበት። እኔም የእኔን ሰጠሁ። ያቺው አንቺ ስትሸኚኝ የገዛሽልኝን።

አዲሱ ስልክ ላይ የቤተሰባችን ግሩፕ ያለበት የመልእክት አፕ አልነበረም። በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል አሉን። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ሆነ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ሦስት ጊዜ በቀጥታ ደወልኩልሽ፣ አላነሳሽም፤ ያ ሽልማት ደርሶሻል ያለሽ አጭበርባሪ ካስደነገጠሽ ወዲህ የማታውቂውን ቁጥር እንደማታነሺ ረስቼው አይደለም። አጭር መልእክትም ሰደድኩ፣ ይድረስሽ አይድረስሽ አላወቅሁም፤ በቃሌ የማውቀው ያንቺን ቁጥር ብቻ ነው፣ የእነእማዬና የባልሽ ቁጥር ከድሮው ስልኬ ጋር ተቆልፎበታል። እዚህ ላይ ግን ራሴን ነፃ አላወጣም። የሰው ስልክ ለምኜ ልጽፍልሽ እችል ነበር። ዛሬ ነገ ስል፣ አፑ ሲገባ አንድ ላይ አወራታለሁ ስል፣ ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ወራት ሆነ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት እውነት ነው። ይባስ ብሎ ሕግ አክባሪ ነኝ ብዬ እኮራም ነበር፤ ሞኚት!

በዚህ መሃል ሁለት መቶ ስልክ ለሙከራ ገበያ ላይ አወጣን። በአንድ ወር ውስጥ መቶ ስልሳው ተመለሰ። የድርጅታችን ባለቤቶች ምክንያቱን ፈልጋችሁ አምጡ፣ አለዚያ ቢሮው ይዘጋል አሉ። ሰው ለምን እንደሚመልስ እንድሰማ ስልኩ በሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ሦስት ቀን አስቀመጡኝ። አንዲት ፀጉር ሠሪ ስልኩን እንደ ዕንቁላል በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ምን ጎደለው ብላት፣ ምንም አልጎደለውም የኔ እህት፣ እንዲህ ያለ ስልክ ይዤ አላውቅም፣ ግን ደንበኞቼ የሉበትም አለችኝ። ቀጠሮ የሚይዙት በዚያኛው አፕ ነው፤ ይሄን ይዛ ሦስት ቀን ወንበሯ ላይ ዝንብ ሲጫወትበት ዋለ። አንድ ሹፌር መንገድ የሚያሳየው ካርታ እንደሌለበት ነገረኝ። አንዲት መምህርት ባንኳ ይህን ስልክ አላውቀውም ብሎ መልሷታል። ሌላው መስታወቱ ተሰንጥቆበት ጠጋኝ ቤት ለጠጋኝ ቤት ሲዞር፣ ለዚህ የሚሆን መስታወት የለንም ተብሎ ነው የመጣው። አንድም ሰው ሲስተሙ መጥፎ ነው አላለኝም! እያደነቁ መለሱት።

ያቺን ከውጭ ያስመጣሻትን የስፌት መኪና ታስታውሻለሽ? ድምፅ የላት፣ ክር አትበጥስ። መርፌዋ የተሰበረ ቀን ግን ከተማውን ብትዞሪ የሚሸጥ አጣሽ። ነጋዴው መኪናዋን የሚገዛ ሰፊ ሲበዛ መርፌ አስመጣለሁ አለ፤ ሰፊዎቹ ደግሞ መርፌዋ ሲመጣ መኪናዋን እንገዛለን አሉ። መኪናዋም የአበባ ማስቀመጫ ሆና ቀረች። እኛም ዘንድ ያው ነው። አፕ የሚሠሩት ድርጅቶች ተጠቃሚ ሲኖራችሁ ኑ ይሉናል፤ ተጠቃሚው አፑ ሲኖራችሁ እመጣለሁ ይላል። ለካ ሰው ስልክ ሲገዛ የሚገዛው ዕቃውን ብቻ አይደለም፤ ስልኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች፣ ባንኩን፣ ደንበኛውን፣ ጠጋኙን፣ ሲቸግረው አሳየኝ የሚለውን ጎረቤት ጭምር ነው። ስንት ግሩም ሲስተም በዚህ ምክንያት ብቻ ሜዳ ላይ ቀርቷል!

ይህን ሁሉ ጽፌ ስብሰባ ላይ ባቀርበው ማን ይስማኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነ። አንዱ ማስታወቂያው ደካማ ነው አለ፤ አንዱ ስሙ ለአፍ አይመችም አለ፤ አንዱ ቀለሙን ጠላ። ዋናው መሐንዲሳችንን ምላጭ ነው የምንለው፣ መልኩም ቀጭን ነው ምላሱም ይቆርጣል፤ እሱ ደግሞ ሕዝቡ ገና አልበሰለም አለ። አለቃችን ዞር ዞር ብለው እያዩን፣ እኛ ሁላችንም ዘጠኝ ወር ይዘነው የለም ወይ፣ ማን ተቸገረ ሲሉ ሁሉም አልተቸገርንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም ካልተቸገረ ችግሩ የእኔ ስንፍና ነው ብዬ እኔም ነቀነቅኩ።

በማግስቱ አንድ ሰው በር ላይ ይፈልግሻል ተባልኩ። ብወርድ የሰፈራችን ብረት በያጅ ነው፤ ለአጭር ሥራ መጥቶ ኖሯል። ገና ሰላም ሳንባባል፣ እንዴት ነው ነገሩ፣ እህትሽ ሴት ልጅ ከተገላገለች ሁለት ወር ሊሞላት ነው፣ ሰፈሩ ታናሺቱ ምን ሆና ነው ሲል እሷ ለእኔ ሞታለች ትላለች አለኝ። ስሟ ማን ተባለ ብዬ ጠየቅሁት። አላውቅም አለ። እትዬ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አንቺ ነፍሰ ጡር እንደነበርሽ እንኳ አላውቅም ነበር እኮ!

ሦስቱን ፎቅ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ገብቼ ሳይ ሰዎቻችን ሽፋኑ ሰማያዊ ይሁን ብርቱካናማ እያሉ ይከራከራሉ። ስልኩን ጠረጴዛው መሃል አስቀመጥኩና፣ እህቴ ወልዳለች፣ እኔ አላወቅሁም፣ ምክንያቱ ይሄ ነው አልኩ። ከእናንተ ውስጥ እንደ እኔ ወገኑን ያጣ ማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም ጫማውን ያያል። እንዲህ የደነገጡት አዝነውልኝ ነው ብዬ ነበር።

ያን ጊዜ ስልክ ጠራ። ጥሪው የእኛ ሲስተም ጥሪ አይደለም። ድምፁ የሚመጣው ከአለቃችን ኪስ ነው! ጆሯቸው ደም መሰለ። ቀስ ብለው አወጡና እናቴ ናቸው አሉ፤ ከዚህኛው ውጭ ሊያገኙኝ አይችሉም። ከዚያ ምላጭ ጎንበስ ብሎ ከካልሲው ውስጥ ስልክ መዘዘ። የሒሳብ ሠራተኛው ከምሳ ዕቃው ከረጢት አወጣ። የንብረት ክፍሏ ኃላፊ ያንን የማይለያትን መዝገብ ስትከፍተው፣ ገጾቹ መሃል ላይ ተቦርቡረው ስልክ ተኝቶባቸዋል። ሠላሳ አንድ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተደረደረ። ለቁም ሳጥኑ የሰጡት የተሰነጠቀና የሞተ ስልክ ነበር፤ አንደኛው ፖስታ ሲከፈት እንዲያውም የሒሳብ ማሽን ወጣበት።

ገባሽ አይደል? ሁሉም የጎደለውን ነገር በድብቁ ስልክ እየሠራ፣ የእኛው ምንም አልጎደለውም እያለ ሪፖርት ይጽፍ ነበር። ሕጉን ያከበርኩት እኔ ብቻ ነኝ! የሲስተሙ አንድዬ እውነተኛ ተጠቃሚ እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ማልቀስ ጀመርኩ፤ መሃል ላይ ምላጭ ካልሲውን ሲያስተካክል ዓይኔ ገባና ሳቅ አፈነኝ፤ ወዲያው ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። አለቃችን ግን አልሳቁም። ዘጠኝ ወር የጻፍነው ሁሉ ውሸት ነው፣ እውነቱ ይቺ ልጅ ላይ የደረሰው ነው አሉ። ቆመው ይቅርታ ጠየቁኝ። እህትሽንም ይቅርታ ጠይቂልኝ ብለዋል፤ ይኸው ጠየቅሁሽ።

ቁም ሳጥኑ ተከፈተና ስልኬ ተሰጠኝ። ኮስታራዋ ሴት ንብረት ክፍል ውስጥ ወንበር አምጥታልኝ፣ በሩን በቀስታ ዘግታልኝ ወጣች። መልእክቶችሽ ተንጋግተው ገቡ። የመጀመሪያው «ገምቺ፣ ከእማዬ በፊት ላንቺ ነው የምነግርሽ» ይላል። ሁለተኛው «የት ገባሽ?»። አሞሽ እንደሆነ የጠየቅሽበት አለ። እግርሽ አብጦ ጫማ አልገባ እንዳለሽ በድምፅሽ እየሳቅሽ የላክሽው አለ። ቁጣሽ ደግሞ ከወር ወር ይጨምራል። የመጨረሻው «ወልጃለሁ፤ ስሟን ሰው ይንገርሽ» ነው። ያን ጊዜውኑ ጻፍኩልሽ፣ አልደረሰም። ለባልሽ ደወልኩ። ስሟን ንገረኝ ብለው፣ እሱን እናቷ ትንገርሽ እንጂ እኔ እሳት ውስጥ አልገባም አለኝ። አልፈረድኩበትም፣ ያውቅሻል።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሆኗል፤ እንደዚህ ሠርቼ አላውቅም! አለቃችን ወፍራም እስክሪብቶ ሰጥተው፣ ግድግዳው ላይ ዘጠኝ ወር ያጣሁትን ሁሉ እንድጽፍ አዘዙኝ። አርባ ሦስት መስመር ሞላሁ፤ ባንክ፣ ካርታ፣ የአውቶቡስ ሰዓት፣ ጠጋኝ ቤት። አንደኛው መስመር ላይ «እህቴ» ብዬ ነው የጻፍኩት። ባለቤቶቹም የሆነውን ሲሰሙ ቢሮው አይዘጋም፣ ይህን ዝርዝር ጨርሱ አሉ። ምላጭ እስከዛሬ የሌላ ሲስተም አፕ በእኛ ቤት አይገባም፣ ንጹሕ ቤት ነው ይል ነበር። አሁን ኩራቱን ዋጥ አድርጎ በመሃል አስተርጓሚ ሠራ፤ የሌላው አፕ ሲመጣ ገና በገዛ ቤቱ ያለ መስሎት ይሠራል። እኔ የፈታሾች ኃላፊ ሆኛለሁ፤ በሥሬ አራት ሰው አለ፣ ለእማዬ ንገሪልኝ! የመጀመሪያ ትእዛዜም ማንም ሠራተኛ ሲስተሙን ራሱ እንዳይፈትሽ፣ ይልቅ ለማያዝንልን ዘመዱ ይስጠው የሚል ነው። የአለቃችን እናት አንዱን ወስደው በየቀኑ እየደወሉ ይወቅሱናል። እንደሳቸው ያለ ፈታሽ አላየሁም።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የመልእክቱ አፕ በእኛ ሲስተም ተነሳ! የመጀመሪያው ለማን ይላክ ሲባል ሁሉም ወደኔ ዞረ። በድሮው ቁጥሬ ገብቼ ቁጥርሽን ጻፍኩ። «እኔ ነኝ» ብቻ አልኩሽ። መላኩን የምታሳየው ምልክት መጣች፣ መድረሱን የምታሳየው ሁለተኛዋ ቀረች። ምላጭ ሥራው የከሸፈ መስሎት እስከ ምሳ ሰዓት ሲስተሙ የተጻፈበትን ያን ሁሉ ጽሑፍ መስመር በመስመር ሲበረብር ዋለ። አፍሬ ዝም አልኩት። በመጨረሻ ግን አንጀቴ አልችል አለና፣ ጥፋቱ የሲስተሙ አይደለም፣ እህቴ ብሎክ አድርጋኝ ነው አልኩ። በዓይኑ ሊበላኝ ደረሰ። ለአለቃችን እናት ሲላክ በቅጽበት ደረሰ፤ መልሳቸውም ፊደሉ አሁንም ያንሳል የሚል ነበር! ጩኸታችንን ብትሰሚው! የጥርስ ሐኪሙ መርፌ እንደያዘ ወደ እኛ ሮጦ ወጣ፤ እኛም እሱንም አቅፈን ዘለልን።

እንግዲህ ለሥራው የሚያስፈልገው ተረጋግጧል፤ ሲስተማችን ይሠራል። አሁን የምለምንሽ ለራሴ ነው። ብሎኩን ክፈቺና ስደቢኝ። ዘጠኝ ወር ያጠራቀምሽውን ሁሉ አውርጂብኝ፤ አንድም ቃል ሳልመልስ እሰማለሁ። ደግሞ ልጅሽ ከጎንሽ ታልቅስ፣ ድምጿን እንድሰማው። ብቻሽን አምጠሽ፣ ብቻሽን ፈርተሽ፣ እኔ ሳልኖርልሽ ስለቀረሁ በሕይወቴ ሙሉ ይቆጨኛል። ይቅር በዪኝ እትዬ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ያው ብረት በያጁ ነው፤ ነገ ይመለሳል፣ አመስግኚልኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አባባን እጃቸውን ሳሚልኝ፤ ፊደሉ የሚያድግ ስልክ እልክልዎታለሁ ትላለች በያቸው። ባልሽን እሳት ውስጥ ባለመግባቱ አልተቀየምኩህም በዪው። ለልጅሽ ሰላምታ የሚሆን መስመር ደግሞ ከዚህ በታች አለ። ስሟን ስለማላውቅ ክፍት ትቼዋለሁ፤ እባክሽ በእጅሽ ሙዪው፣ ከዚያም አንብቢላት።

ለ ................................ ፣ አክስትሽ ነኝ፤ አለሁ።

ታናሽ እህትሽ
ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛዬ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን